የቡችላ ሆድ የሠፈር ጉዳይ ነው



ውሻ የሌለበት ሠፈር የለም። ባለቤት ያለው በግቢው ታስሮ፣ ባለቤት የሌለው ከቆሻሻ ገንዳው ጀርባና ከቦዩ ዳር ተኝቶ፣ ሁሉም ከእኛው ጋር ይኖራል። ሌሊት ኮቴ ሲሰማ ቀድሞ የሚጮኸው እሱ ነው። ዘበኞቻችን በብርድ ሲያድሩ ከጎናቸው የሚያድረው እሱ ነው። እንደዚሁም ጠዋት የቆሻሻ ከረጢት ቀድዶ መንገዱን የሚበትነው፣ ተማሪ ሲያልፍ የሚያስደነግጠው እሱው ነው። ጥቅሙም ጉዳቱም የሁላችን ነው ማለት ነው።

በዚህ ሰሞን ደግሞ ቡችሎች በዝተዋል። ከገንዳው ጀርባ ተወልደዋል፤ ከወፍጮ ቤቱ አጥር ሥር ተወልደዋል፤ በአንዳንድ አባሎቻችን ግቢም እንዲሁ። ልጆቻችን ከትምህርት ቤት ሲመለሱ ቦርሳቸውን ሳያወርዱ እዚያው ተንበርክከው ያቅፏቸዋል፤ በዚያው እጃቸው ደግሞ ዳቦ ይቆርሳሉ። ይህን በየቀኑ የምናየው ነው።

ባለፈው የማኅበራችን ስብሰባ ላይ ነገሩ ተነሥቶ ብዙ አነጋግሮ ነበር። አንዱ «መርዝ ይምጣና ይገላግለን» አለ። ሌላው «የእግዜር ፍጡር እኮ ነው፣ ምን በደለ?» ሲል ተከራከረ። አንዳንዱም «የእኔ ውሻ ታስሯል፤ የሌላው አያገባኝም» ብሎ ዝም አለ። ሰዓቱ ስለ መሸ ውሳኔ ሳይሰጥ ለሚቀጥለው ስብሰባ ተላለፈ። እስከዚያው ድረስ ሁሉም ሰው በቤቱ እንዲያስብበት ይህ ጽሑፍ በሰሌዳው ላይ ተለጥፏል።

የጽሑፋችን ሐሳብ አንድ ነው። የውሻውን ጉዳይ የሚፈታው መርዝ አይደለም። የሚፈታው ወደ ውሻው አፍ የሚገባውን ነገርና ከውሻው የሚወጣውን ነገር ስናስተካክል ነው። እኛ የምንጥለው ወደ ውሻው ሆድ ይገባል፤ ከውሻው ሆድ የሚወጣው ደግሞ ዞሮ ወደ ልጆቻችን እጅ ይመጣል። ውሻ ወደድንም ጠላንም፣ በሃይማኖታችን ምክንያት ውሻ ብንነካም ባንነካም፣ ይህ ዙሪያ ማንንም አይለይም።

የተነፋ ሆድ ጥጋብ አይደለም

ቡችላ ሆዱ እንደ ከበሮ ተወጥሮ፣ እግሩ ቀጥኖ ሲታይ «ይኸስ ጠግቧል» የሚል ሰው አይጠፋም። ነገሩ ብዙ ጊዜ ተቃራኒው ነው። ሆዱን የነፋው ምግብ ሳይሆን ወስፋት ነው። እንዲህ ያለው ቡችላ ይበላል እንጂ አይወፍርም፤ ፀጉሩ ይደርቃል፤ አንዳንዴ ያስመልሰዋል፤ አንዳንዴ ያስቀምጠዋል። ሲብስበት የተቀቀለ ፓስታ የመሰለ ነጭ ረጅም ትል በአፉም በታችም ይወጣል።

«ገና ዓይኑን ሳይገልጥ ትሉን ከየት አመጣው?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው ቢኖር ትክክል ነው። መልሱ ከእናቱ ነው። የውሻ ወስፋት እጭ በእናቲቱ ሥጋ ውስጥ ተኝቶ ይቆያል። እሷ ስታረግዝ እጩ ይነቃና በማኅፀን ሳሉ ወደ ቡችሎቹ ይሻገራል፤ ከተወለዱም በኋላ በጡት ወተት ይከተላቸዋል። ስለዚህ ቡችላ በንጹሕ ቤት፣ በንጹሕ ጆንያ ላይ ቢወለድ እንኳ ትሉን ይዞ ሊወለድ ይችላል።

የእንስሳት ሐኪሞች ቡችላ በተወለደ በ2 ሳምንቱ የትል መድኃኒት ይጀምር የሚሉት ለዚህ ነው። ከዚያም በየ2 ሳምንቱ እስከ 8 ሳምንት፣ ቀጥሎ በየወሩ እስከ 6 ወር፣ ካደገ በኋላ ቢያንስ በየ3 ወሩ ይሰጠዋል። እናቲቱም ከልጆቿ ጋር አብራ መውሰድ አለባት፤ ያለዚያ አንዱን ስናጸዳ ሌላው መልሶ ይበከላል። መጠኑ በኪሎ ስለሆነ ቡችላው ተመዝኖ፣ ባለሙያ ተጠይቆ ነው የሚሰጠው። ለልጅ ከተገዛ ኪኒን ግማሽ ቆርሶ መስጠት አይገባም። «ኮሶ እናጠጣው» የሚሉም አሉ። ኮሶ አያቶቻችን ጥሬ ሥጋ ከበሉ በኋላ ለራሳቸው የሚጠጡት ብርቱ መድኃኒት ነው፤ ለሰውም ቢሆን ሲበዛ የሚጎዳ ነው፤ ለቡችላ ጭራሽ አይሆንም።

ከወስፋቱ ሌላ ደም የሚመጥ መንጠቆ ትል አለ። ይኸኛው የያዘው ቡችላ ድዱ ይገረጣል፤ ይደክማል፤ ዓይነ ምድሩ እንደ ሬንጅ ይጠቁራል። ቶሎ ካልታከመ በደም ማነስ ይሞታል። በቁንጫ በኩል የሚመጣም ሌላ ትል አለ። ምልክቱ በቡችላው ጭራ ሥርና በመኝታው ላይ የሩዝ ፍሬ የመሰለ ነገር መገኘቱ ነው። ቁንጫውን ሳያጠፉ ትሉን ብቻ ማከም ዋጋ የለውም።

አሁን ወደ ልጆቻችን እንምጣ። የውሻው ወስፋት በቀን በአሥር ሺዎች የሚቆጠር እንቁላል ይጥላል። እንቁላሉ ከዓይነ ምድሩ ጋር ይወጣና አፈር ላይ ይቀራል። አዲስ የወጣው እንቁላል ወዲያው አይጎዳም። አፈር ላይ ከ2 እስከ 4 ሳምንት ከቆየ በኋላ ነው አደገኛ የሚሆነው። ከዚያ ወዲህ ግን አፈሩ ውስጥ ለዓመታት ሊቆይ ይችላል። ልጅ ብይ ሲጫወት፣ አፈር ነክቶ እጁን ወደ አፉ ሲያደርግ ይውጠዋል። እጩ በልጁ ሰውነት ውስጥ ወዲያና ወዲህ ይዞራል፤ ጉበት ይነካል፤ ሳንባ ይነካል፤ ዓይን ውስጥ ከገባም የዓይን ብርሃን ሊያጠፋ ይችላል።

እዚህ ላይ ልብ እንበል። እንቁላሉ ለመብሰል ሳምንታት ይፈልጋል ካልን፣ ዓይነ ምድሩን በዕለቱ የሚያነሣ ሰው በሽታውን ከሥሩ ቆረጠው ማለት ነው። ለዚህ ትልቅ ገንዘብ አያስፈልግም። አካፋ፣ ፌስታልና ትንሽ ትጋት ይበቃል።

ወተትና ትራፊ

ብዙ ቡችላ የሚታመመው ከክፋት ሳይሆን ከደግነት ነው። ልጆች አዝነው የላም ወተት ያመጡለታል፤ በማግሥቱ ያስቀምጠዋል። የላም ወተት የውሻ ወተት አይደለም። በውስጡ ያለውን ስኳር የብዙ ቡችላ ሆድ መፍጨት አይችልም። ቡችላ እስከ 3 ሳምንት ድረስ ከእናቱ ጡት ሌላ ምንም አይፈልግም። ከ3 ወይም ከ4 ሳምንት ጀምሮ ለስላሳ ምግብ ጥቂት በጥቂት ይለምዳል። ከእናቱ የሚለየው 8 ሳምንት ሲሞላው ነው። በየመንገዱ ዳር በካርቶን ተይዘው የሚሸጡት ብዙዎቹ ከዚህ ዕድሜ በታች ናቸው። ገዝቶ ያመጣ ሰው በሳምንቱ ተቅማጥ ቢያይ ሊደንቀው አይገባም፤ ከጡት ያለ ጊዜው ተነጥቋል፣ ምግቡ ተለውጧል፣ ቦታው ተለውጧል፣ ትሉም ከውስጡ አለ።

እናቱ በመኪና ተገጭታ የሞተችበት ቡችላ ሲገኝ ደግሞ አንድ ማወቅ ያለብን ነገር አለ። ገና የተወለደ ቡችላ እስከ 2 ወይም 3 ሳምንቱ በራሱ አይሸናም፣ አይጸዳዳም። እናቱ ከሥር እየላሰች ነው የምታስወጣለት። ስለዚህ የሚያሳድገው ሰው ከየመመገቡ በኋላ በሞቀ ውሃ የራሰ ጨርቅ ቀስ አድርጎ ሊያብስለት ይገባል። ይህን ሳያውቁ ወተት ብቻ እያጠጡ ሆዱ ተነፍቶ የሞተባቸው ብዙ ናቸው። ሙቀትም ያስፈልገዋል፤ የበረደው ቡችላ የጠጣውን አይፈጭም።

ያደገውም ቢሆን የሚበላው የእኛን ትራፊ ነው። ትራፊያችን ደግሞ ወጥ ነው። ወጥ ያለ ሽንኩርት የለም፤ ሽሮውም ቢሆን ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት አለበት። ሽንኩርት ጥሬም ሆነ የበሰለ የውሻን ደም ያበላሻል፤ ቀዩን የደም ሕዋስ ይሰባብረዋል። በርበሬውና ቅባቱ በበኩላቸው ሆዱን ያቃጥሉታል። የዶሮ አጥንት ከተቀቀለ በኋላ እንደ ስንጥር ስለሚሰነጠቅ አንጀት ይወጋል። ከአንድ ሳህን የዶሮ ወጥ ትራፊ ውስጥ ለቡችላ ስንት ጠንቅ እንዳለ ቆጥሩት።

«ታዲያ ምን እንስጠው? እኛስ ምን ተርፎን?» የሚል አይጠፋም። ብዙ አይጠይቅም። ወጥ ያልነካው እንጀራ ወይም ዳቦ በርበሬና ሽንኩርት ባልገባበት የአጥንት መረቅ አርሶ መስጠት ይቻላል። የተቀቀለ ሩዝ ይሆናል፤ በደንብ የተቀቀለ ሳንባ ይሆናል፤ የተቀቀለ እንቁላል ሲገኝ ደግሞ እጅግ ጥሩ ነው። ጡት የተወ ቡችላ በቀን 4 ጊዜ ትንሽ ትንሽ ይበላል፤ እያደገ ሲሄድ 3 ጊዜ፣ ቀጥሎ 2 ጊዜ ይበቃዋል። ከሁሉ በላይ ንጹሕ ውሃ ሁልጊዜ አጠገቡ ይቀመጥ። የቦይ ውሃ ጠጥቶ የሚታመመው ሌላ ስላላገኘ ነው።

ስለ ጾምና ስለ ፍስክም አንድ ነገር እንበል። በሁዳዴ 55 ቀን የሠፈራችን ውሾች ከእኛ ጋር ይጾማሉ ብንል ሐሰት አይሆንም። ከዚያ ፋሲካ ሲደርስ በአንድ ሌሊት ጮማው፣ አጥንቱ፣ ቆዳው ሁሉ ይጣልላቸዋል። በባዶ ሆድ ላይ ይህ ሁሉ ቅባት ሲወርድ ትልልቁም ውሻ ያስመልሳል፤ ቡችላ ግን ሊሞትበት ይችላል። መስጠት ካለብን ትንሽ ትንሽ፣ ስቡ ተነሥቶ ይሁን።

ደም የቀላቀለ ተቅማጥ

ሁሉ ተቅማጥ አንድ አይደለም። ቡችላው እየተጫወተ፣ እየበላ፣ ዓይነ ምድሩ ብቻ ከላላ ምግቡን ወደ ነጭ ሩዝ ለውጦ፣ ውሃ አብዝቶ፣ አንድ ቀን ማየት ይቻላል። የማያስመልሰው ከሆነ ለልጆች ተቅማጥ የምንበጠብጠውን ኦ.አር.ኤስ. ጥቂት በጥቂት በማንኪያ ቢወስድ አይጎዳውም።

ነገር ግን ቡችላው ምግብ እንቢ ካለ፣ ደጋግሞ ካስመለሰ፣ ተቅማጡ ደም ከቀላቀለና ሽታው ከሩቅ የሚከረፋ ከሆነ፣ ይህ የፓርቮ በሽታ ሊሆን ይችላል። ፓርቮ በዓለም ላይ መታወቅ የጀመረው እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ1978 ሲሆን፣ ዛሬ በየአገሩ ቡችላ ይፈጃል። ይበልጥ የሚያጠቃው ከ6 ሳምንት እስከ 6 ወር ያለውን ነው። ሰውን አይዝም። ከውሻ ወደ ውሻ ግን በጫማችን ሳይቀር ይዛመታል፤ በመሬት ላይም ከዓመት በላይ ሊቆይ ይችላል።

ቡችላው ምን ያህል ውሃ እንዳጣ በቤት ማወቅ ይቻላል። የማጅራቱን ቆዳ በጣት ቆንጥጦ መልቀቅ ነው። ወዲያው ከተመለሰ ደኅና ነው። እንደ ታጠፈ ከቆየና ድዱም ከደረቀ ውሃው አልቋል። ያን ጊዜ «እስከ ነገ እንየው» አያስፈልግም፤ ትንሽ ቡችላ ነገ ላይደርስ ይችላል፤ በዕለቱ ሐኪም ዘንድ መወሰድ አለበት። ከሰው የተረፈ የሕመም ማስታገሻ ወይም የተቅማጥ ኪኒን መስጠትም ሕይወቱን ማሳጠር ነው።

ከሞተ ወይም ከዳነ በኋላ ሲሚንቶው ወለል መጀመሪያ በሳሙና ታጥቦ፣ ቀጥሎ 1 እጅ በረኪና በ30 እጅ ውሃ ተበጥብጦ ይፈስስበት፤ 10 ደቂቃም ይቆይ። አፈር ላይ በረኪና ብዙ አይሠራም። ስለዚህ በዚያ ግቢ ክትባቱን ያልጨረሰ ሌላ ቡችላ ቶሎ አይግባ። ክትባቱ ከ6 እስከ 8 ሳምንት ዕድሜ ላይ ተጀምሮ፣ በየጥቂት ሳምንቱ እየተደገመ እስከ 16 ሳምንት ይሰጣል። አንድ ጊዜ ብቻ አስወግቶ «ተከተበ» ማለት አይበቃም።

የበዓል ሆድቃ

ከሁሉ ይልቅ እኛን ተጠያቂ የሚያደርገን ይህ ነው። በበዓል ቅርጫ እናርዳለን፤ በየግቢው በግ ይታረዳል፤ በአረፋም እንዲሁ። ሲበለት ጉበቱ ወይም ሳንባው ላይ ውሃ የቋጠረ ነጭ ከረጢት ይገኛል። «ይኸ አይበላም» ተብሎ ምራቁን እያዝረከረከ ለሚጠብቀው ውሻ ይወረወራል። ቄራ ቢሆን ሐኪም አይቶ ያስወግደዋል፤ በግቢ ሲታረድ ግን ማን ያያል?

በዚያ ከረጢት ውስጥ የትንሽ ትል ዘር አለ። ውሻው ሲበላው በአንጀቱ ውስጥ ያድጋል፤ ትሉ ርዝመቱ አንድ ሳንቲ ሜትር እንኳ አይሞላም። ውሻው የታመመ አይመስልም፤ ይሮጣል፣ ይጫወታል። ከአንድ ወር ተኩል ገደማ በኋላ ግን ከዓይነ ምድሩ ጋር እንቁላል ማውጣት ይጀምራል። ይህኛው እንቁላል እንደ ወስፋቱ አይደለም፤ ሳምንታት መቆየት ሳያስፈልገው እንደ ወጣ ሊይዝ ይችላል። በውሻው ፀጉር ላይ ይጣበቃል፤ ሣሩ ላይ፣ ጎመኑና ሰላጣው ላይ ይገኛል። ሣሩን ከብትና በግ ሲግጡት መልሶ በእነሱ ጉበት ላይ ከረጢት ይሆናል። ሰው ሲውጠው ደግሞ በሰው ጉበትና ሳንባ ላይ ያንኑ ከረጢት ያበቅላል። ለዓመታት ሳያሳምም ቀስ እያለ ያድግና በመጨረሻ ሆድ እስከ ማስቀደድ ያደርሳል።

እንግዲህ ተመልከቱ። በበዓል የወረወርነው አንድ ቁራጭ ጉበት ዞሮ የሰው ጉበት ላይ ይወጣል። መፍትሔው ቀላል ነው፤ ጥሬ ሆድቃ ለውሻ አይሰጥ። ከረጢት ያለበት ጉበትና ሳንባ ውሻ በማይቆፍረው ጥልቅ ጉድጓድ ይቀበር ወይም ይቃጠል። ለውሻ የሚሰጠው ሳንባ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ይፍላ።

መርዝ መልስ አይደለም

ስለ መርዙ እንነጋገር። «መርዝ ይምጣ» ያሉትን ወገኖቻችንን አንወቅስም። የሚናገሩት ለልጆቻቸው ፈርተው ነው፤ ፍርሃታቸውም እውነት አለው። የእብድ ውሻ በሽታ በዓለም ላይ በየዓመቱ 59 ሺህ ያህል ሰው እንደሚገድል ይገመታል፤ አብዛኛው በአፍሪካና በእስያ ነው፤ ከሟቾቹም ከ10ሩ 4ቱ ከ15 ዓመት በታች ያሉ ልጆች ናቸው። ምልክቱ አንዴ ከታየ በኋላ የሚያድን መድኃኒት የለውም ማለት ይቻላል።

ግን መርዝ ይህን አያቆምም። መርዝ አይመርጥም። የተከተበውንም ያልተከተበውንም፣ ድመቱንም ዶሮውንም ይገድላል፤ የወደቀውን ሥጋ ሕፃን ቢያነሣውስ? ደግሞም ውሻው የመጣው ለገንዳው ነው። ገንዳው ክፍት እስከ ሆነ ድረስ የዛሬዎቹ ቢሞቱ ከታችኛው ሠፈር ሌሎች ይመጣሉ። የሚመጡት ደግሞ የማናውቃቸው፣ ያልተከተቡ፣ ሰው ያለመዱ ናቸው። በሽታውን የሚያቆመው ክትባት ነው። በአንድ አካባቢ ካሉት ውሾች ከ100 ውስጥ 70ው ያህል ከተከተቡ የበሽታው ሰንሰለት እንደሚበጠስ የዓለም የጤና ድርጅት ያስረዳል። የተከተበ ውሻ ለሠፈሩ አጥር ነው፤ አጥራችንን በገዛ እጃችን በመርዝ ማፍረስ የለብንም።

ቡችላም ይህን በሽታ ሊይዝና ሊያስተላልፍ እንደሚችል አንርሳ። «ቡችላ ነው፣ ጥርሱ ምን ያደርጋል» ተብሎ የሚታለፍ ንክሻ የለም። ውሻ የነከሰው ወይም ቁስሉን የላሰው ሰው ቁስሉን ወዲያው በሳሙናና በሚወርድ ውሃ 15 ደቂቃ ይጠብ፤ ሳይውል ሳያድር ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ። የቀድሞ ሰዎች «ፓስተር ሂድ» የሚሉት ይህንኑ ነው፤ ስሙ የመጣው እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ1885 የመጀመሪያውን ክትባት ለአንድ ልጅ ከሰጠው ከሉዊ ፓስተር ነው። ጸበሉም ጸሎቱም አይቅር፤ መርፌው ግን አይዘግይ። የነከሰውን ውሻ ባለቤቱ ከታወቀ አስሮ 10 ቀን ይጠብቀው።

ለስብሰባው የሚቀርብ ሐሳብ

ከዚህ በላይ በተገለጸው መሠረት የሚከተለው ለሚቀጥለው ስብሰባ ይቀርባል።

1ኛ፤ ውሻ ያለው ሁሉ የግቢውንና የደጁን ዓይነ ምድር በየቀኑ ያንሣ። ልጆች ከሚጫወቱበት ሜዳ ግን ተራ ወጥቶልን ሁላችንም እናነሣለን።

2ኛ፤ ገንዳው ክዳን ይበጅለት። ከረጢት ከገንዳው ውጭ የሚያስቀምጥ ሰው ውሻ በተነው ብሎ ሊያማርር አይችልም።

3ኛ፤ በየበዓሉ ቅርጫ የሚያርድ ቡድን ከማረዱ በፊት ጉድጓድ ይቆፍር። በየግቢው የሚያርድም እንዲሁ። ጥሬ ሆድቃ መንገድ ላይ መጣል በማኅበራችን ዘንድ ነውር ይሁን።

4ኛ፤ የእንስሳት ሐኪም በአንድ ቀን በአንድ ቦታ ተጠርቶ የሠፈሩ ውሾች ሁሉ የትል መድኃኒት እንዲወስዱና 3 ወር የሞላቸው የእብድ ውሻ ክትባት እንዲወጉ ይደረግ። ባለቤት ያለው በገመድ አስሮ ያምጣ። ባለቤት የሌላቸውን የሚያበሏቸው ዘበኞቻችን፣ የዳቦ ቤቱ ልጆችና የሊስትሮ ልጆች ይይዟቸዋል፤ እነሱን ያምናሉና። ጊዜው ክረምቱ እንደ ወጣ፣ በመስከረም አጋማሽ ቢሆን መልካም ነው። መስከረም 18 ቀን ገደማ የእብድ ውሻ በሽታ መከላከያ ቀን በዓለም የሚታሰብበት ስለሆነ ለማስታወስም ይቀላል።

5ኛ፤ ሴት ቡችላ በከረጢት አድርጎ ሌላ ሠፈር ወይም ወንዝ ዳር መጣል ይቅር። «ሴት ናት፣ ትወልዳለች» ተብላ የምትጣለው ናት በዓመት ሁለት ጊዜ ሊሆን የሚችል ወሊድ ይዛ የምትመለሰው። አቅም ያለው በሐኪም ያስመክናት። የሌለው ለማኅበሩ ያስታውቅ፤ እንመካከራለን።

ገንዘቡን በተመለከተ፤ «ለልጄ ያልበቃኝን ለውሻ አውጣ ትሉኛላችሁ?» የሚል ጥያቄ እንደሚነሣ እናውቃለን። የኑሮው ውድነት የሁላችንም ነው፤ ጥያቄው የሚናቅ አይደለም። መልሳችን ይህ ነው። የሚወጣው ለውሻው አይደለም፤ ለልጁ ነው። ቡችላውን የሚያቅፈው ያው ልጅ ነው፤ ብይ የሚጫወትበት አፈር ያው አፈር ነው። ለአንድ ቡችላ የትል መድኃኒት የሚከፈለውና አንድ ልጅ በዓይኑ ወይም በጉበቱ ታሞ በየሆስፒታሉ ሲንከራተት የሚወጣው አይወዳደርም። የማይችል ቤት ካለ የሚችለው ይሸፍንለት፤ በለቅሶና በሠርግ የምንረዳዳ ሰዎች በዚህ አንለያይም።

ልጆቻችንን «ቡችላ አትንኩ» ብንል አይሰሙንም፤ እኛም በልጅነታችን አልሰማንም። ስለዚህ ሁለት ነገር እናስተምራቸው። ቡችላ ከነኩ በኋላ ሳይበሉ በፊት እጃቸውን በሳሙና ይታጠቡ፤ ከወለደች ውሻና ከሚበላ ውሻ ይራቁ። ውጭ ያለው የውሃ ቧንቧ አጠገብ ሳሙና ማስቀመጥ ለማንም ቤት የሚከብድ አይደለም።

«ሳይቃጠል በቅጠል» ይላል ያገራችን ሰው። እስካሁን በሠፈራችን ላይ የከፋ ነገር አልደረሰም። ስብሰባው የወሩ የመጨረሻ እሑድ ከጠዋቱ 3 ሰዓት በተለመደው ቦታ ይደረጋል። መርዙን የሚደግፍም፣ የሚቃወምም፣ «አያገባኝም» የሚልም ይምጣ፤ በተለይ ይህ የመጨረሻው ወገን እንዳይቀር አደራ እንላለን። ውሻ ያላችሁ ስንት እንዳላችሁና ዕድሜያቸውን በቁራጭ ወረቀት ጽፋችሁ ከዚያ በፊት ለጽሕፈት ቤቱ ብታስረክቡ ሐኪሙን ስንጠራ ሥራው ይቀልልናል።

የማኅበሩ ጸሐፊ